መጽሐፍ የሚመስለው ከቨርና ማኅደሩ

የኪንድል ከቨር እንዴት ይመረጣል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መልክ ነው። ጥቁሩ አይቆሽሽም፣ ቡናማው መጽሐፍ ይመስላል፣ አበባ ያለበት ያምራል። እኔ ግን ከቨርም እንደ መጽሐፍ ሊተች ይገባዋል ባይ ነኝ። ምን ሊሠራ ተነሣ? ሠራውስ ወይ?

በብዛት የምናየው እንደ መጽሐፍ የሚገለጠው ዓይነት ነው። ማግኔት ስላለው ስትከድኑት ስክሪኑ ይተኛል፣ ስትገልጡት ይነቃል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን የታሰበው ጠረጴዛ ላይ ለሚያነብ ሰው ነው። እኔ የምኖረው ልደታ ነው። እዚህ ኪንድል ከቤት የሚወጣው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ፣ ከምሳ ዕቃና ከቁልፍ ጋር ተጣቦ ነው። ቦርሳው ደግሞ በቀላል ባቡሩ ግፊያ ወይም በታክሲ ውስጥ በሰው ክርንና ጉልበት መካከል ይጓዛል።

የኢ-ኢንክ ስክሪን ዋና ጠላቱ ጭረት አይደለም፤ ጫና ነው። በአብዛኞቹ ላይ ከምናየው ገጽ ሥር ስስ የመስታወት ንጣፍ አለ። ከላይ ምንም ስንጥቅ ሳይታይ እሱ ሊሰበር ይችላል፤ ከዚያ የገጹ ግማሽ በቃ አይነበብም። ስልክ ቢሰበር ጠጋኝ አይጠፋም። ኪንድል ግን ለብዙዎቻችን ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ዕቃ ነው። ሲሰበር ሌላ ተጓዥ እስኪገኝ ንባቡም ይቆማል። የከቨር ነገር ለእኛ የጌጥ ጥያቄ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ጥያቄ የእኛው ሰዎች ድሮ አስበውበታል። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ካሉት ጥንታውያን ወንጌሎች የአንዱ ሽፋን በወርቅ የተለበጠ መዳብ ነው። ያ በገዳሙ የሚቀመጥ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ክብሩን ይናገራል። ለሚጓዘው መጽሐፍ፣ ለቄሱ ወይም ለተማሪው ዳዊት ግን፣ ሌላ ነገር ተሠራለት። መጀመሪያ የእንጨት ገበታ፤ በላዩ መስቀል የተደጎሰበት ቆዳ፤ ከዚያ ማኅደር፣ ማለትም መጽሐፉ ልክክ ብሎ የሚገባበት፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው የቆዳ ከረጢት። መንገድ ላይ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤት ሲደርስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

እዚህ ላይ ሥራው ተከፋፍሏል። ጫናውን ገበታው ይችላል፤ መንገዱን ከረጢቱ ይችላል። ሲነበብ ማኅደሩ ይቀመጣል፤ እጅ ላይ መጽሐፉ ብቻ ይቀራል። ዛሬ ቃሉን የምንሰማው ቢሮ ውስጥ ነው፤ «የግል ማኅደር» ሲባል በወረቀት የታጨቀ ክላሰር ይመጣብናል። ሥሩ ግን «ኀደረ» ነው፤ ማኅደር ማደሪያ ነው።

መጽሐፍ መሳዩ ከቨር ሁለቱንም ሥራ በአንዴ ልሥራ ይልና ሁለቱንም በግማሽ ይተወዋል። ክዳኑ ከተጣጠፈ ጫናውን ለስክሪኑ ያስተላልፋል። ሲነበብ ደግሞ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፔፐርዋይት 205 ግራም ነው፤ መቶ ግራም ሽፋን ብትጨምሩበት ክብደቱ በግማሽ ያህል አደገ ማለት ነው። በአንድ እጁ የባቡሩን ብረት ይዞ በሌላው ለሚያነብ ሰው ይህ ይታወቀዋል። ስሱ የሲሊከን ከቨርም ሲወድቅ ጠርዙን ያድን ይሆናል እንጂ የሰው ክርን አያቆምም።

በእርግጥ ከረጢትም ጉድለት አለው። እያነበባችሁ ከእጃችሁ ቢያመልጥ አያድነውም። ኪንድሉ ከቤት የማይወጣ፣ ቤት ውስጥም ልጆች የሚሯሯጡበት ሰው የሚገለጠውን ቢገዛ አልቃወምም። በየቀኑ ለሚጓዝ ግን የእኔ ፍርድ ወደ ማኅደሩ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ቦርሳ ሰፊ ሊሠራው ይችላል፤ ከውጭ ቆዳ ወይም ወፍራም ሸራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ፣ በስክሪኑ በኩል ስስ ኮምፔንሳቶ። ልኩ ጠበቅ ይበል፤ ውስጡ የሚዋልል ዕቃ ይጋጫል። ለሐምሌ ዝናብ ፌስታል አይናቅም።

የተዘጋጀ የምትገዙ ከሆነም ከቀለሙ በፊት ክዳኑን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ከተጣጠፈ ክርን ሲመጣም ይጣጠፋል። ካልተጣጠፈ፣ ያኔ ስለ አበባው እናውራ።