ወንዙ ኮረብታ ላይ ወጥቷል!

ኧረ ጉድ በሉልኝ! ጠጠር አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። አዎ፣ ጠጠር!

አዶላ አካባቢ ነው። ከወንዙ በጣም ከፍ ያለ፣ ፀሐይ ያነደደው እርከን ላይ ቁጭ ብዬ እግሬ ሥር ያለውን አነሳሁ። ልስልስ! ድብልብል! ልክ የዶሮ እንቁላል! እዚህ ደረቅ ምድር ላይ ማን አሞለሞለው? ውኃ ነዋ! ወንዙ ድሮ እዚህ ነበር! ምድሩን እየቦረቦረ፣ እየቦረቦረ ታች ወረደ፤ የጥንት መኝታውን ግን ከነጠጠሩ እላይ ጥሎት ሄደ። ቀና ስል ደግሞ ሌላ እርከን! እሱም ጠጠር በጠጠር፣ እሱም ከዚህኛው የባሰ አሮጌ! የወንዝ ደረጃ ማለት ይሄ ነው። ከላይኛው ጀምራችሁ ውረዱት፤ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ትወርዳላችሁ!

ቆይ፣ ገና ነኝ! የአካባቢው ወርቅ አውጪዎች ጉድጓድ አፍ ላይ ወሰዱኝ። ወንዝ የለ፣ ጅረት የለ፣ ሜዳ ነው። «እህቴ፣ ወንዙ ከታች ነው» አለኝ አንዱ ልጅ እየሳቀ። ጎንበስ አልኩ። ቀይ አፈር፣ ቀጥሎ የሚያጣብቅ ጭቃ፣ ከዚያ... ድብልብል ጠጠር! የተቀበረ ሸለቆ! ደለል የደፈነው ወንዝ! ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ ጠጠሩን ሁሉ አልፎ ታች ዐለቱ ላይ ይተኛል። ልጁ ገበቴውን አሽከረከረው። ሸር... ሸር... አሸዋው ሄደ። ጥቁሩ አሸዋ ቀረ። ከዚያ ብልጭ! የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል! ጮኼ አካባቢውን አናወጥኩት።

ለካ ያቺ ፍሬ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ከኖረ ዐለት ተፈልቅቃ የመጣች ናት! የአካባቢው ወንዞች አዋታና ሞርሞራም ዛሬም ውኃቸውን ወደ ዳዋ ወንዝ እየነዱ ነው፤ ዳዋ ዶሎ ላይ ከገናሌ ይገጥማል፣ ጁባ ሆነው ህንድ ውቅያኖስ ይገባሉ።

ደግሞ ኦጋዴን! ኧረ ኦጋዴንን ሳትረሱ! ስልካችሁን አውጡ፣ የሳተላይት ካርታ ክፈቱ፣ ቀብሪ ደሃር በሉ። እባብ የመሰሉ፣ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ጥቋቁር ጋራዎች ታያላችሁ። እነሱ ሸለቆ ነበሩ! ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ የጥንቱን ሸለቆ ሞላና ረጋ፤ ጠንካራ ስለሆነ ዳርና ዳሩ ያለው ለስላሳ ምድር ታጥቦ ሲሄድ እሱ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሸለቆው ጋራ ሆነ! ከነመታጠፊያው! እኔ አውራ ጣቴ እስኪዝል ተከተልኩት፤ ቡናዬም ቀዘቀዘ፣ ወጡም አረረ።

ሂዱ! አዶላ ሂዱ፣ ነገሌ ድረስ ዝለቁ! መንገዱ የቆረጠው ገደል ባያችሁ ቁጥር መኪናውን «ወራጅ አለ!» በሉት፤ ውረዱና ድብልብል ጠጠር ፈልጉ። የእኔዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ምራቄን ስቀባት ቀይና አረንጓዴ መስመሯ ፍክት ይላል! አሁንም፣ ይኸው፣ ልቀባት ነው።