ውሃው ሲጠራ በሽታው የት ይሄዳል?

ቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ መግቢያ ላይ የቆመው የብረት ወንፊት የአዲስ አበባን ገበና ያውቃል። ፌስታል፣ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የጨርቅ ቁራጭ ያለ ማቋረጥ ይይዛል። የጣቢያው ሠራተኞች በዚህ ሥራ አይቀልዱም። ወንፊቱ ያሳለፈው ጨርቅ ፓምፕ ያንቃል፣ ጣቢያ ሳይደርስ የተወተፈው ደግሞ መስመሩን ዘግቶ ፍሳሹን በማንሆል አፍ ወደ ሰፈር ይመልሰዋል። ታይፎይድና አተት መንገድ የሚያገኙት እንዲህ ነው።

ጣቢያው በ1970ዎቹ ሥራ ሲጀምር ሰፋፊ ኩሬዎች ነበሩት። ፍሳሹ በየኩሬው እየተኛ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ለብዙ ቀናት ይቆይ ነበር። አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ስለነበር ከተማው ጥሎት ሄደ። አሁን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተስፋፍቷል። በአዲሱ አሠራር ፍሳሹ ከገንዳ ሥር ገብቶ በሰዓት ከአንድ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ወፍራም የዝቃጭ ንጣፍ ይጠብቀዋል። በንጣፉ ውስጥ ያሉት፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቆሻሻውን በልተው ሚቴን ጋዝ ይለቃሉ፤ ከዚያ ውሃው አየር በሚወዱ ሌሎች ተሕዋስያን ላይ እየተንጠባጠበ ያልፋል።

የዚህ ሙያ ሰው፣ ነገሩን ካጤኑት፣ ከብት አርቢ ነው። ተሕዋስያኑ መኖ ሲበዛባቸውም ሲቀየርባቸውም ይታመማሉ። ከጋራዥ የተደፋ ዘይት ወይም ከፋብሪካ የሾለከ አሲድ ሲደርስ፣ የፒኤች ልኩም ከ6.5 በታች ሲወርድ፣ ሚቴን አምራቾቹ ይዳከማሉ። የዝቃጩ ንጣፍ ከገንዳው እየወጣ መሆኑን ደግሞ ኦፕሬተሩ ቶሎ የሚያውቀው በቀላል ዕቃ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ጫፉ የሾለ ብርጭቆ ከገንዳው በወጣ ውሃ ይሞላና ለአንድ ሰዓት ያስቀምጠዋል። ሥሩ ላይ ስስ አተላ ብቻ ካየ ደህና ነው። ጥቁር ዝቃጭ ክምር ሠርቶ ከጠበቀው ግን ንጣፉ እየታጠበ ነው፤ ወይ ፍሳሹ ፈጥኗል፣ ወይ የተጠራቀመው ዝቃጭ በጊዜ አልወጣም።

ዝቃጩ እንዲህ የሚያስጨንቀው በሽታው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። አንዲት የወስፋት ትል በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ ከውሃ ግን ስለሚከብድ በጊዜ ብዛት ይዘቅጣል። ማጣሪያው አብዛኛውን እንቁላል አይገድለውም፣ ከውሃው ወደ ዝቃጩ ያዛውረዋል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥሬውን የሚበላ አትክልት ለሚጠጣው ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር ከአንድ እንቁላል እንዳይበልጥ ነው። ውሃው ወደዚያ ልክ በቀረበ ቁጥር ዝቃጩ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር ለበሽታው ያግዛል። ሞቃት አገር ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ደረቅ ዝቃጭ የወስፋት እንቁላሉ ከሞላ ጎደል ያልቃል። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በማይበልጥበት ቦታ ግን ድርጅቱ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ማቆየትን ይመክራል፤ ያኔም ጥቂት እንቁላሎች ሊተርፉ ይችላሉ። በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰነጣጥቆ አፈር የመሰለውን ዝቃጭ ገበሬ ቢያየው ማዳበሪያ ነው። ባለሙያው ግን መቼ እንደፈሰሰ ሳይጠይቅ አካፋ አያስነካም።

ጣቢያው የሚያጣራው የደረሰውን ፍሳሽ ብቻ ነው። ከጣቢያው በላይ፣ መካኒሳና ላፍቶ አካባቢ፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያበቅለው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ ከየሰፈሩ በቀጥታ የሚለቀቀውን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። የቃሊቲ ማጣሪያ ለእነዚያ ማሳዎች አይደርስላቸውም፤ ጥቅሙ ከእሱ በታች እስከ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላለው ሕዝብ ነው።

ይህንንም ጥቅም የሚፈታተነው ክረምት ነው። የጣራ አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኘ ቤት ሲበዛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ገንዳው የሚገባው ውሃ ይጨምራል፣ ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነትም እንዲሁ። የረጋው ዝቃጭ ይነሳል፣ አብረውት የዘቀጡት እንቁላሎችም ወደ ወንዝ የሚሄደውን ውሃ ይከተላሉ። ኦፕሬተሩ ከዝናቡ በፊት ትርፉን ዝቃጭ ቀድሞ በማውጣት ጉዳቱን ይቀንሳል። አሸንዳውን መንቀል ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።