አባዱላን ቀረብ ብሎ ማየት

ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ለመግዛት የሚወጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይጭናል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። እኔ ቁጥሩን ወደ ኋላ አቆየውና በሩን እከፍታለሁ።

በተለምዶ አባዱላ የምንለውን ቶዮታ ሃይስ እንውሰድ። ተንሸራታች በሩ የሚሄደው በሦስት ሐዲድ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች መርገጫው ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከኋላ መስኮቶቹ ሥር በውጪው ላሜራ ላይ ተዘርግቷል። ሐዲዶቹ ቀጥ ብለው ይመጡና ፊት ለፊት ጫፋቸው ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ጥበቡ ያለው እዚያች መታጠፊያ ላይ ነው። ከአካሉ ውጪ ሲንሸራተት የመጣው በር እዚያ ሲደርስ ገባ ይልና ከጎኑ ላሜራ ጋር እኩል ይሆናል፣ ዙሪያውን ያለውን ላስቲክ ተጭኖም አቧራውን ይዘጋል። በደንብ የተያዘ በር በሁለት ጣት ይነሳል፤ እስከ ጥግ ሲከፈት «ጠቅ» ብሎ ይያዛል፣ መኪናው ቁልቁለት ላይ ቢቆም እንኳ ተመልሶ የሰው እጅ ላይ አይመጣም። ያልተያዘው በር ግን የታችኛው ሐዲዱ በአፈር ተሞልቶ፣ ሐዲዱ ላይ የምትሽከረከረው ትንሿ ጎማ ተበልታ፣ ካልወረወሩት አይዘጋም። የሹፌሮቻችን «በሩን ቀስ!» የሚል ልመና ተሳፋሪን ለመቆጣት ብቻ የሚነገር አይደለም። ቀን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚውለው ይኸው አንድ በር ነው።

ይህ የሃይስ ትውልድ ጃፓን ውስጥ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የመደበኛው ሞዴል ወርድ 1,695፣ ርዝመቱ 4,695 ሚሊ ሜትር ነው። በጃፓን ሕግ አንድ መኪና በትንንሾቹ ምድብ እንዲመዘገብ ወርዱ ከ1.7፣ ርዝመቱ ከ4.7፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር መብለጥ የለበትም። መሐንዲሶቹ በወርድም በርዝመትም አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ትተው ሕጉ የፈቀደውን ሙልጭ አድርገው ወስደዋል። ከዚያ በኋላ የቀራቸው በዚያ ሳጥን ውስጥ ቦታ መፈለግ ነበር።

ቦታውን ያገኙት ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ሞተሩ እዚያ ስለተኛ ከፊት ኮፈን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የሹፌሩ እግር ከፊት ጎማው ይቀድማል። የዕቃ መጫኛው ዓይነት ከ4.7 ሜትር ባነሰው ርዝመቱ ውስጥ ሦስት ሜትሩን ለጭነት የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ካምቢዮውም ከወለሉ ተነስቶ ዳሽቦርዱ ላይ ስለተተከለ ጋቢና ውስጥ መሀል ለሚቀመጠው ሰው ጉልበት ቦታ ተገኝቷል። ዋጋ አልተከፈለም አልልም። ሞተሩን ለማየት ጋቢና ያለው ሰው ወርዶ ወንበሩ መነሳት አለበት፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ከመቀመጫው ሥር የሚመጣውን ሙቀት ያውቀዋል። ፊት ለፊት ግጭት ቢመጣ ደግሞ በሰውና በአደጋው መካከል ያለው ነገር ትንሽ ነው። ይህን የሚገዛ ሰው አውቆ ይግዛ።

ከኋላ ያለው ባሌስትራ ብዙ ሰው የሚያማው ነው። ባዶውን ሲሞክሩት ጠጠር ላይ ይዘላል፣ ወገብ ይመታል፤ «ይሄማ የጭነት መኪና ነው» ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። መሞከር ያለበት ግን ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ነው። ብረቱ የተሰላው ለሸክም ስለሆነ ጭነቱ ሲያርፍበት ለስለስ ይላል፣ መኪናውም ረገብ ብሎ መንገዱን ይይዛል። ሰው ለመጫን የሚገዙትን መኪና ብቻዎን ነድተው መፍረድ አይገባም።

ፋብሪካው የሠራው እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው የኛ በያጆች ሥራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ጥሩ ፖርቶመጋላ በሩቁ አይለይም። ቀርበው እግሮቹን ይዩ። በጣሪያው ጠርዝ ባለው የዝናብ መውረጃ ላይ የሚቆነጥጡት እግሮች በብዛት ከተደረደሩ ሸክሙ ይከፋፈላል፤ በአራት እግር ብቻ የቆመው ጠርዙን እያጣመመ ውሎ አድሮ ውሃ ያስገባል። በብረቱና በቀለሙ መካከል የጎማ ቁራጭ ጣል ያደረገ በያጅ መኪና የሚያከብር ሰው ነው። ብየዳው ተሞርዶ ለስልሶ እንደሆነ በመዳፍዎ ይዳብሱት፤ የብየዳ ሹል ሸራም ገመድም ይበላል።

ወደ ፖርቶመጋላው የሚያወጣው መሰላል ደግሞ ዋናው ፈተና ነው። የኋላው በር ወደ ላይ የሚከፈት ነው፤ ደግፈው የሚይዙት ሁለት የጋዝ ዘንጎች የተሰሉት ለበሩ ክብደት ብቻ ነው። ግዴለሹ በያጅ መሰላሉን በሩ ላይ ይለጥፈዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘንጎቹ ይደክሙና ዕቃ በሚወጣ ቁጥር አንድ ሰው በሩን በጭንቅላቱ ደግፎ ይቆማል። የሚያውቀው በያጅ ግን መሰላሉን ከበሩ ጎን አካሉ ላይ አጥብቦ ይተክለዋል፤ በሩ ሲነሳ በጣት ስፋት አልፎት ይሄዳል። ያቺን የጣት ስፋት ሳይ በያጁን ፈልጌ ማመስገን ያምረኛል።

ጫኙም የራሱ እጅ አለው። መነኻሪያ ቆመው ሲያዩት ዝም ብሎ የሚወረውር ይመስላል። ልብ ብለው ሲከታተሉት ግን ጆንያው ከፊትና ከመሀል ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ሻንጣው እጀታው ወደ ውስጥ ዞሮ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ፍራሹ መጨረሻ ላይ ከላይ ይሆናል። «እማማ፣ እንቁላሉ ላይ አይወጣም፣ ከእግርዎ ሥር ያድርጉት» ይላል ሳይዞር። ገመዱን ከብረቱ ሥር አሳልፎ መሀሉ ላይ ሸምቀቆ ይሠራል፤ ጫፉን በሸምቀቆው አሾልኮ ወደ ታች በሰውነቱ ክብደት ይስበዋል። ቋጠሮው ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ግን አንዷን ጫፍ ሳብ ሲያደርጓት ይፈታል። ከጣሪያ በላይ የተቆለለ ሸክም መኪናውን በኩርባ ላይ እንደሚያጋድለው ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀውም እሱ ነው፤ «በቃ፣ ሞልቷል» ሲል ባለንብረቱ ቢሰማው ጥሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ሥራ የሚያበላሸው አንድ ረድፍ ትርፍ ወንበር ነው። የፋብሪካውን ወንበሮች ነቅለው፣ አጥብበው፣ በመካከላቸው ሌላ ይጨምራሉ። አዲሱ ወንበር ብዙ ጊዜ ስስ ላሜራ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ቀበቶ የለውም፣ መተላለፊያውንም ይዘጋል። በወረቀት ላይ መኪናው አድጓል፤ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ጉልበት ግን ጠቧል። ስለዚህ ወንበሮቹን ከላይ ሳይሆን ከሥራቸው ይመርምሩ፦ የፋብሪካው ቀዳዳ ባዶውን ቀርቶ አጠገቡ አዲስ ከተበሳ ወንበሩ ከቦታው ተነቅሏል ማለት ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ላይ የተዋወቀው አዲሱ ሃይስ ሞተሩን ወደ ፊት አውጥቶ አጭር አፍንጫ አብጅቷል። ጋቢናው ቀዝቅዟል፣ ድምፁ ቀንሷል፣ በግጭትም የተሻለ ነው። ረጅሙ ግን 5,915 ሚሊ ሜትር ደርሷል፤ በጠባብ ሰፈር ማዞሩ ሌላ ጉዳይ ነው። አቅሙም ግቢውም ያለው ሰው እሱን ይግዛ።

ለቤተሰብና ለሻንጣ ከሆነ የእኔ ምርጫ የቀድሞው ረጅሙና ሰፊው ሞዴል ነው፤ 5,380 በ1,880 የሆነው። እሱንም ገዝቶ የመጨረሻውን ረድፍ ማስነሳት ነው። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ቆመው ከውስጥ ይገባሉ፣ ፖርቶመጋላው ለፍራሽና ለቀላል ነገር ይቀራል፣ ኩርባ ላይም ሹፌሩ አይጨነቅም። የተነሳውን ወንበር ግን እንዳይሸጡት፤ ብሎኖቹን በከረጢት ቋጥረው እግሩ ላይ ይሰሩበት፣ ሠርግ ሲመጣ መፈለጉ አይቀርም።