ጨዋታ በመማሪያ ክፍል ውስጥ፦ ስለ ገበጣ፣ ስለ እንቆቅልሽና ስለ ሽቦ መኪና አጠቃቀማችን የቀረበ ሂስ

ልጅ በጨዋታ ይማራል የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ውስጥ ተከራካሪ የለውም። ጀርመናዊው ፍሬድሪሕ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 በብላንክንቡርግ ለሕፃናት ባቋቋመው ተቋም ኳስን፣ ኩብንና ሲሊንደርን የትምህርት መሣሪያ አደረገ። ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናት ቤቷን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ በየአገሩ ሥር ሰዷል። በእኛም ዘንድ የመምህሩ መምሪያ ሲዘጋጅ በመግቢያው ላይ ስለ ጨዋታ ጠቀሜታ አንድ አንቀጽ ሳይሰፍር የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም በሚለው ላይ መከራከር አይደለም። ሊመረመር የተፈለገው ጨዋታው ወደ ክፍል ሲገባ ምኑ እንደ ገባና ምኑ በደጅ እንደ ቀረ ነው።

ሂሱ ከራስ ቢጀምር ይሻላል። ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታችኞቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የሒሳብ መምሪያ ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ ነበር። በመምሪያው ውስጥ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓዶች ያሉት፣ በእያንዳንዱም ጉድጓድ 4 ጠጠር የተቀመጠበት የገበጣ ሥዕል እንዲገባ አደረግን። በሥዕሉ ግርጌም «በገበጣው ላይ በጠቅላላው ስንት ጠጠር አለ?» የሚል ጥያቄ አሰፈርን። መልሱ 48 ነው። በጊዜው የአገራችንን ባህል ከዘመናዊ ሒሳብ ጋር ያዛመድን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። በኋላ እጩ መምህራንን ለመገምገም ወደ አንድ ትምህርት ቤት በሄድሁ ጊዜ ተማሪዎቹ ጥያቄውን በአንድ ድምፅ መለሱ። በዕረፍት ሰዓት ግን በክፍል ውስጥ እጅዋን ሳታወጣ የዋለች አንዲት ልጅ ከዛፍ ሥር መሬት ላይ በተቆፈረ ገበጣ ስትጫወት አየሁ። ለጓደኛዋ «ይኸንን ካነሣሽ ባዶ ላይ ትወድቂያለሽ» አለቻት። ጓደኛዋ አላመነችም፤ አነሣች፤ እንደ ተባለውም ባዶ ላይ ወደቀች። የመምሪያችን ጥያቄ ይህን ችሎታ ሳይነካው እንዳለፈ የተረዳሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ገበጣ

የገበጣ ሕግ እንደየአካባቢው ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ባወጡት ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የዚህን ጨዋታ ብዙ ዓይነቶች መዝግበዋል። ለዚህ ሂስ ግን አንዱን ቀላል ሕግ ብቻ እንውሰድ። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች በሙሉ አንሥቶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል። የመጨረሻው ጠጠር ያረፈበት ጉድጓድ ባዶ ካልነበረ በውስጡ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ከነበረ ይቆማል።

በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር እያለ ከ1ኛው ጉድጓድ ብንጀምር በመጀመሪያ 4፣ ቀጥሎ 5፣ ከዚያም 5፣ 6 እና 6 ጠጠር እናነሣለን። አምስት ጊዜ ተነሥቶ የተዘራው በድምሩ 26 ይሆናል፤ የመጨረሻውም ጠጠር ባዶ በሆነው በ3ኛው ጉድጓድ ላይ ያርፋል። ለምን በ3ኛው ላይ? 26 ለ12 ሲካፈል 2 ጊዜ ደርሶ 2 ስለሚተርፍ ነው። ሁለት ሙሉ ዙር ከተዞረ በኋላ ሁለት እርምጃ ይጨመራል ማለት ነው። ከ7ኛው ጉድጓድ የጀመረ 9ኛው ላይ፣ ከ12ኛው የጀመረ 2ኛው ላይ ይቆማል። ይህን የደረሰበት ተማሪ ቀሪ ያለው ማካፈል ምን ማለት እንደ ሆነ በእጁ ዳስሶታል። እንግዲህ ሒሳቡ የሚገኘው በእንቅስቃሴው ውስጥ ነበር፤ እኛ ግን እንቅስቃሴውን አስቁመን ጠጠሩን ብቻ አስቈጠርን።

ይህን ካልን ዘንድ በሌላው ወገን ያለውንም ስሕተት ማሳየት ተገቢ ነው። ገበጣ የሚጫወት ሁሉ ሒሳብ ያውቃል የሚሉ አሉ። አባባሉ ከልክ ያለፈ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩ የሚያርፍበትን ቦታ በዓይኑና በልምዱ ያውቀው ይሆናል፤ ያወቀውን ግን በቍጥር አያስረዳም፤ በ12 ጉድጓድ የሚሠራውንም በ7 ቀናት ሳምንት ላይ ሊያውለው አይችል ይሆናል። ከእጅ ዕውቀት ወደ ቍጥር የሚያሸጋግረው መምህሩ ነው። ጨዋታው መምህርን አይተካም፤ መምህሩ ግን ጨዋታውን ካልተጫወተው የሚያሸጋግረው ነገር አይኖረውም።

እንቆቅልሽ

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከቋንቋ ትምህርት የተወሰደ ነው። እንቆቅልሽ በየቤቱ ሲጫወቱት ሥርዓት አለው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። የተሸነፈው አንድ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ካልወደደው ሌላ ያስጨምራል፤ ከወደደው ተቀብሎ መልሱን ይነግራል። በዚህ አጭር ሥርዓት ውስጥ ክርክር፣ ድርድር፣ ሽንፈትን በሳቅ መቀበልም አለ።

በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ግን እንቆቅልሹ ከ1 እስከ 5 ተቈጥሮ በጎኑ ለመልስ ባዶ ቦታ ይተውለታል። አገር መስጠቱ ቀርቷል። ከሁሉም በላይ የጠፋው የጠያቂነት ሥልጣን ነው። በጨዋታው ላይ መልሱን የያዘው ልጅ ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ ጠያቂው መጽሐፉ፣ መልስ ያዡም የመምህሩ መምሪያ ሆኗል። ተማሪው በቤቱ ጠያቂም ተጠያቂም እንዳልነበረ፣ በክፍል ተጠያቂ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከአያቱ የሰማውን፣ መምህሩ የማያውቀውን እንቆቅልሽ ይዞ የሚቀርብበት በር ተዘግቷል። ቋንቋን እናስተምራለን የምንል ከሆነ ልጁ መጠየቅን የሚለማመድበትን ይህን የመሰለ አጋጣሚ መሰረዛችን ቀላል ጥፋት አይደለም።

የሽቦ መኪና

ሦስተኛው ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት የሽቦ መኪና ነው። አካሉ ከታጠፈ ሽቦ፣ ጎማው ከጠርሙስ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ጫማ ከተቈረጠ ላስቲክ ይሠራል፤ ረጅም ሽቦም መሪ ይሆነዋል። የጎማው ዘንግ ከጠበቀ አይሽከረከርም፤ ከላላ ይወላገዳል፤ አንዱ ቆርኪ ከሌላው ከበለጠ መኪናው ያዘነብላል። ልጁ እነዚህን ሁሉ የሚያርመው ማንም ሳያዘው ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ካልሄደ ጨዋታ የለም።

በሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተዘጋጁ ዕቃዎች አሉ። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1901 የባለቤትነት መብት ያገኘበትና በኋላ ሜካኖ የተባለው መጫወቻ የተበሱ የብረት ዘንጎችን በብሎንና በዳዶ እያያያዙ ሞዴል የሚሠሩበት ነው። የሜካኖ ቀዳዳዎች እኩል ተራርቀው ስለ ተዘጋጁ ልኩ አስቀድሞ ታስቦለታል። ሽቦ ግን ቀዳዳ የለውም፤ ልኩን የሚያስበው ልጁ ነው። ሆኖም ይህን ስንል ድኅነትን እንደ ማስተማሪያ ዘዴ እንዳናወድስ መጠንቀቅ አለብን። ሽቦ የሚያጥፈው ልጅ ብሎንና ዳዶ ቢያገኝ አይጠላም። የሽቦ ጫፍ እጅ ይወጋል። ትምህርት ቤቱ አንድ ፒንሳና አንድ ሞረድ ቢያዘጋጅለት የልጁ ብልሃት የሚቀንስበት ምክንያት የለም።

በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልጥቀስ። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ ከካርቶን አንድ ዓይነት ቤት ይሠሩ ነበር፤ ነጥብ የሚሰጠውም በንጽሕናው ነበር። አንድ ልጅ ይዞት የመጣው የሽቦ መኪና ክፍል ይረብሻል ተብሎ ተወሰደበት። ያው መኪና በወላጆች ቀን «በተማሪዎች የተዘጋጀ የትምህርት መርጃ መሣሪያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። ሠሪው ዳግመኛ አልነዳውም።

የጋራው ጉድለት

ሦስቱን ምሳሌዎች አንድ ላይ ስናይ ጉድለቱ አንድ ዓይነት ነው። የጨዋታውን ዕቃና ስም አስገብተን ሦስት ነገሮችን በደጅ ትተናል። አንደኛ፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚዳኙበትን ሕግ፤ ሁለተኛ፣ መሸነፍና እንደገና መጀመር የሚቻልበትን ነፃነት፤ ሦስተኛ፣ የልጁን ምርጫ። እነዚህ ከተወሰዱ የቀረው መልመጃ ነው። መልመጃ መጥፎ ነገር አይደለም፤ መልመጃን ጨዋታ ነው ብሎ መጥራት ግን መምህሩንም ዕቅድ አውጪውንም ያታልላል፤ ያልተሠራውን ሥራ እንደ ተሠራ አድርጎ በሪፖርት ውስጥ ያስቈጥራል።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች መናቅ አይገባም። የተማሪው ቍጥር ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ጫጫታው ለጎረቤት ክፍል የማይመች ነው። ጠጠር ወደ ቁማር ይመራል ብለው የሚሰጉ ወላጆችም አሉ። ስለዚህም ብዙዎቻችን ጨዋታውን የቤት ሥራ እናድርገው እንላለን። መፍትሔው የሴቶቹን ተማሪዎች ሁኔታ ይዘነጋል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ የምትቀዳና ታናናሾቿን የምትይዝ ልጅ ቅልሞሽ እንኳ የምትጫወተው በትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። ጨዋታን ወደ ቤት ስንሰድ የምንሰደው ጊዜ ላለው ልጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት አቀርባለሁ። ለመምህራን፦ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በየቡድናቸው በግቢው ውስጥ ገበጣ ይቆፍሩ፤ በመጀመሪያ ያለ ጥያቄ ይጫወቱ፤ ጥያቄው በሚቀጥለው ቀን ይምጣ፤ የመጀመሪያውም ጥያቄ «ከማንሣታችሁ በፊት የት እንደምታርፉ ገምቱ» የሚል ይሁን። በእንቆቅልሽ ጊዜ መምህሩ ራሱ ይጠየቅ፤ ካላወቀም አገር ይስጥ። ለዕቅድ አውጪዎች፦ የመምህሩ መምሪያ አንድን ጨዋታ ከማስገባቱ በፊት አዘጋጆቹ ጨዋታውን ከልጆች ጋር ተቀምጠው ይጫወቱት፤ የአካባቢውም ሕግ እንዲከበር ቦታ ይተዉለት። ለጨዋታው ነጥብ አይሰጥ፤ ነጥብ የሚሰጠው ከጨዋታው በኋላ በሚመጣው ትምህርት ላይ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ በካዛኪስታን፣ በኪርጊዝስታንና በቱርክ የሚገኙትን የገበጣ ዘመድ የሆኑ ጨዋታዎች በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ነገር ግን ጨዋታን የሚያቈየው ተጫዋቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የመጫወትን መብት ለልጁ ሲሰጥ ሒሳብ ይማርበት ዘንድ የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠበትም። እኛ የትምህርት ሰዎች ከጨዋታው የምንበደረው ካለ እንበደር፤ ስንመልሰው ግን ልጁ የሚያውቀው ጨዋታ ሆኖ ይገኝ።