ዳኒ አደገ፤ ማሞስ?

የኤሊዛቤት ሌርድን «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» (2003 እ.ኤ.አ.) ካነበቡ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ ወሬው ሁሌ ዳኒ ላይ ያርፋል። አባቱን ፈርቶ ከሀብታም ቤት የጠፋ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከነሚሊዮን ቡድን ጋር ተርቦ ከርሞ፣ በኋላ ታሪክ እየጻፈ ለጓደኞቹ ገንዘብ ያመጣል። ግልጽ ነው፤ ሽቅብ የሚወጣ ግራፍ በሉት።

እኔን የያዘኝ ግን ማሞ ነው። እናቱ ሞታበታለች። «አጎትህ ነኝ» ያለው ሰው ወስዶ ለገበሬ ሸጠው፤ ከብት ጠባቂ ሆነ። እዚህ አርባ ምንጭ ሆኖ ይሄን ልብ ወለድ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ ስንቱ ልጅ ነው «ትማራለህ» ተብሎ ሄዶ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የቀረው?

ታዲያ ማሞ መቼ ነው የሚያድገው? ለኔ፣ አምልጦ ከተመለሰ በኋላ መቃብር ቦታ ካገኘው ዳኒ ጋር ሲወዳጅ ነው። ተታሎ የተሸጠ ልጅ እኮ ነው! ድጋሚ ሰው ማመን ከድርሰት መጻፍ አያንስም። ደግሞ ዳኒ የሚጽፈው ስለተማረ ነው፤ ያስተማረው ያ የሸሸው አባቱ ነው። ማሞን እንዲህ ያስተማረው የለም። ደራሲዋ ግን የማሞን ለውጥ ባክግራውንድ ላይ እንደሚሠራ ፕሮግራም ትተወዋለች፤ እየሠራ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን አይታይም።

የአባትየው መለሳለስ ደግሞ ቸኮለብኝ። ለሱ የወጡትን ገጾች ለማሞ በሰጠችው።