ልደት በአንድ ቀን ሲዘገይ ኦሊምፒክ በአራት ዓመት

ጂምናስቲክ የሚሠሩ ሁለት ልጆችን አስቡ። አንዷ ዲሴምበር 31 ቀን 2008፣ ሌላዋ በማግስቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ተወለዱ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ታኅሣሥ 22 እና 23 ቀን 2001 ነው፤ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት።) የመጀመሪያዋ ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ዕድሜዋ ይፈቅድላታል። ሁለተኛዋ ግን እስከ 2028ቱ ሎስ አንጀለስ ትጠብቃለች፤ ያኔ 19 ዓመቷ ነው።

ይህን የሚያመጣው የዓለም አቀፉ ጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ሕግ ነው። በሴቶች አርቲስቲክ ጂምናስቲክ ወደ አዋቂዎች ምድብ ለመግባት ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ውስጥ 16 መሙላት የግድ ነው፤ ለወንዶች 18። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ናዲያ ኮማኔች በ1976 ሞንትሪያል ላይ ፍጹም 10 ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበር። የሴቶቹ ገደብ በ1981 ወደ 15፣ በ1997 ወደ 16 ከፍ አለ።

በታዳጊዎች እግር ኳስ የለመድነው ጭቅጭቅ እዚህ ይገለበጣል። እዚያ «ይሄ ልጅ ዕድሜውን ቀንሷል» ነው የሚባለው፤ በሴቶች ጂምናስቲክ የሚጠረጠረው መጨመር ነው። በሲድኒ 2000 ከቻይና ቡድን ጋር ነሐስ ያገኘችው ዶንግ ፋንግሻዎ ያኔ 14 ዓመቷ እንደነበር በኋላ ታወቀ፤ በ2010 ሜዳሊያው ከቡድኑ ተወስዶ ለአሜሪካ ተሰጠ። ነገሩን ያወጣው በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ለሥራ ስትመዘገብ የሰጠችው የተለየ የልደት ቀን ነው።

ትንሽ መሆን ለምን ይጠቅማል? እስቲ በሒሳብ እንየው። የአንዲት ልጅ ቁመት፣ ቅርጿ ሳይለወጥ፣ 10 ከመቶ ጨመረ እንበል። ክብደቷ 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ማለትም 33 ከመቶ ይጨምራል። የጡንቻ ጉልበት የሚወሰነው ግን በጡንቻው ውፍረት ስለሆነ 21 ከመቶ ብቻ ያድጋል። አየር ላይ ስትገለበጥ ደግሞ አካሏ ለመሽከርከር የሚያሳየው እምቢታ፣ ማለትም የመሽከርከር ኢነርሺያው፣ ክብደት በርቀት ካሬ ተባዝቶ የሚመጣ ነውና 61 ከመቶ ይጨምራል። ጉልበት 21፣ እምቢታ 61! እውነተኛ ልጅ እንዲህ ተመጣጥና አታድግም፤ እጅና እግር ቀድመው ይረዝማሉ፤ ያ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እና በጥቂት ወራት ውስጥ የተመዘዘች ልጅ ባለፈው ዓመት የምትሠራው ግልብጥ ዛሬ ቢያቅታት ሰንፋ አይደለም።

ሴቶች ልጆች በጣም በፍጥነት የሚያድጉት በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከልጅ ልጅ ግን ከዓመት በላይ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ አንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ አድጋ የጨረሰችውም፣ ገና ያልጀመረችውም አሉ።

አሜሪካኖቹ ነገሩን በከፊል አሻሽለውታል። ልጆቹ መጀመሪያ ከ1 እስከ 10 ባሉ የችሎታ ደረጃዎች ይለያሉ። ከዚያ በብዙ ውድድሮች የተመዘገቡት በልደት ቀን ይደረደሩና በተቀራራቢ ቁጥር ይከፈላሉ፤ 24 ልጆች ካሉ ለምሳሌ ስምንት ስምንት ሆነው። ለኔ ይሄ ብልህ አሠራር ነው፤ ድንበሩ ስለሚንቀሳቀስ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደች ልጅ ሁሌም የምድቧ ታናሽ አትሆንም። ጉድለቱ፣ ምዝገባ እስኪዘጋ ድረስ ከማን ጋር እንደምትወዳደር አታውቅም።

ታዲያ ለምን በዕድገት ደረጃ አንመድባቸውም? በእንግሊዝ የእግር ኳስ አካዳሚዎች ተሞክሯል። ለጂምናስቲክ ግን አልደግፈውም። ትንሽ መሆን በሚያዋጣበት ስፖርት ቁመትና ክብደት ምድብ የሚወስኑ ከሆነ ልጆቹን ምግብ ቀንሱ ማለት ነው። የልደት ቀን ደካማ መለኪያ ቢሆንም ማንም ተርባ አትለውጠውም።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። የ16 ዓመቱ ገደብ የሚከበረው ልጆችን ይጠብቃል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ጫፉ አካባቢ ለስላሳ የዕድገት ክፍል አለው፣ በእጅ መቆምና መገፋት ሲደጋገም የእጅ አንጓ ላይ ያለው ይጎዳል። ሕጉ የሚከለክለው ግን የአዋቂዎች መድረክ ላይ መውጣትን ብቻ ነው። በ16 ዓመቷ ለዓለም ሻምፒዮና የምትደርስ ልጅ ከባዱን እንቅስቃሴ በ13 እና በ14 ዓመቷ ስትለማመድ ነው የከረመችው። አንጓዋ ልምምድና ውድድር አይለይም እኮ!

ጥበቃው ከልብ ከሆነ መቆጠር ያለበት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችና ስንት ጊዜ ዘልላ እንዳረፈች ነው። በየሦስት ወሩ ቁመቷን መለካት፣ ድንገት መመዘዝ ስትጀምር የዝላዩን ብዛት መቀነስ። ለዚህ የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሜትርና አንድ ደብተር ነው። የዕድሜ ገደቡ ግን ስለዚህ ምንም አይልም።