ርካሽ ሳጥን፣ ውድ ሰንጠረዥ

አሜሪካ ውስጥ ጋራዥ ገብተው መኪናቸውን ራሳቸው የሚቀይሩ ሰዎች የሚወዷት አንዲት የብረት ሳጥን አለች። ጄኔራል ሞተርስ 1227749 የሚል ቁጥር የሰጣት የሞተር ኮምፒውተር ናት፤ በአጭሩ 7749 ይሏታል። የተሠራችው ከፋብሪካ ቱርቦ ይዘው ለወጡ መኪኖች ነው፤ ለፖንቲያክ ሰንበርድ ቱርቦ፣ ቀጥሎም በ1991 ለወጣው ጂኤምሲ ሳይክሎን። እነዚያ መኪኖች ሲወድቁ ሳጥኗ ተነቅላ በትንሽ ዋጋ ትሸጣለች፣ ከዚያ ሌላ ሞተር ላይ ትገጠማለች። ምክሩም የታወቀ ነው፤ ሳጥኗን ግዛ፣ ሽቦውን አገናኝ፣ ቺፑን ቀይር፣ በቃ አለቀ።

እኔ የዚህ ሥራ አድናቂ ነኝ። ጠቤ ያለው "በቃ አለቀ" ከምትለዋ ጋር ነው።

መጀመሪያ ሳጥኗ ለምን እንደምትወደድ እንይ። ቤንዚን በትክክል ተቃጥሎ እንዲያልቅ 1 ኪሎው 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ከመርጨቱ በፊት ስንት አየር እንደገባ ማወቅ አለበት። 7749 አየሩን በቀጥታ አትለካም። የሚገባውን አየር ግፊትና ሙቀት ታነባለች፣ የሞተሩን ዙር ትቆጥራለች፣ ከዚያ ታሰላለች። ትምህርት ቤት የተማራችሁት የጋዝ ሕግ እኮ ነው፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን አየሩም እጥፍ ይሆናል።

አሁን ቱርቦ እንጨምር። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ቱርቦው 100 ሲጨምርበት ወደ 200 ይደርሳል። ቱርቦ ለሌለው መኪና የተሠራ የግፊት ሴንሰር ግን ከ105 ገደማ በላይ ማንበብ አይችልም። ግፊቱ ወደ 200 ሲወጣ እሱ 105 ላይ ቆሞ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፣ ነዳጅም አይጨምርም። ድብልቁ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ መጨረሻው የቀለጠ ፒስተን ነው። 7749 ግን የምትሠራው እስከ 200 ከሚያነብ ሴንሰር ጋር ነው።

ኮምፒውተሩን ሳይነኩ የነዳጁን ግፊት ብቻ ከፍ የሚያደርጉም አሉ። እዚህ ፊዚክስ አይፈቅድላቸውም። ከኢንጀክተር የሚወጣው ነዳጅ የሚያድገው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው። ነዳጁ እጥፍ እንዲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ ከ3 ባር ወደ 12 ማለት ነው። ተራ የነዳጅ ፓምፕ ይህን አይሸከምም። በዚህ በኩል የ7749 ወዳጆች ትክክል ናቸው።

ሌላም ምስጋና ይገባቸዋል። በቺፑ ውስጥ ያለው 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሰዎች የዲግሪ ወረቀት ሳይጠየቁ፣ ያንን ቁጥር በቁጥር ፈትተው የትኛው የነዳጅ፣ የትኛው የእሳት ሰንጠረዥ እንደሆነ ለይተዋል። ይህን ምርምር ካላልነው ምን እንለዋለን?

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የነዳጁ ሰንጠረዥ በየዙሩና በየግፊቱ ሲሊንደሩ ምን ያህል በአየር እንደሚሞላ የሚናገር ነው። የሳይክሎን ቁጥሮች የመጡት ከአንድ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.3 ሊትር ሞተር ነው። እነሱን 2 ሊትር ሞተር ላይ መጫን የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ መንገድ እንደማቋረጥ ነው። የጓደኛን ፋይል ኮፒ ማድረግም ያው ነው።

ማንኳኳትን የሚያዳምጠውን ሴንሰር ውሰዱ። ማንኳኳት ማለት ነዳጁ ከካንዴላው የተነሳው ነበልባል ሳይደርስበት በራሱ ሲፈነዳ ነው። ድምፁ የሚወሰነው በሲሊንደሩ ስፋት ነው። የሳይክሎን ሲሊንደር 101.6 ሚሊሜትር ስለሆነ በሰከንድ 5,600 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። 86 ሚሊሜትር የሆነው ግን 6,700 ገደማ። ለአንዱ የተቃኘ ጆሮ ሌላውን በደንብ ላይሰማው ይችላል።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 200 ለመድረስ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ብቻ ይጨምቃል። አዲስ አበባ ላይ 2.6 እጥፍ። የበለጠ የተጨመቀ አየር የበለጠ ይሞቃል፣ የሞቀ አየር ደግሞ ማንኳኳትን ይጋብዛል። ሴንሰሩ ሁለቱም ቦታ 200 ይላል፤ ሞተሩ ግን አንድ ዓይነት ኑሮ እየኖረ አይደለም።

ይህን የምለው ስለተቀጣሁ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ትንሽ ሞተር ላይ "ይመሳሰላል" ብዬ የሌላ ሞተር ሰንጠረዥ ጫንኩ። ለጥቂት ደቂቃ ጥሩ ነበር። ከዚያ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚንቀጫቀጥ የሚመስል ድምፅ መጣ። ካንዴላውን ስፈታ ነጩ ሸክላ ላይ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች አየሁ። የፒስተኑ አልሙኒየም ነበር።

ስለዚህ ምክሩ አንድ መስመር ይጎድለዋል፤ ለካ። መኪናው ላይ ያለው ተራ የኦክሲጅን ሴንሰር በደንብ የሚያውቀው 14.7 አካባቢን ብቻ ነው። በቱርቦ ግፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው 12 ገደማ ነው፤ እዚያ ሴንሰሩ ዕውር ነው። ሰፊ ክልል የሚያነብ ሴንሰር ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሳጥኗ ይበልጣል። በዝቅተኛ ግፊት ጀምሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ፣ ያያችሁትን ጻፉ። የመንገድ መኪና ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፣ የሚተነፍሰውም ከኋላ የቆመ ሰው ነው። አሜሪካም የልቀት መቆጣጠሪያን መነካካት በሕግ የከለከለችው በከንቱ አይደለም።

ሳጥኗ ጥሩ ናት፣ ዋጋዋም ተገቢ ነው። ሰንጠረዡን ግን ከማንም አትግዙ። ከራሳችሁ ሞተር ላይ ለክታችሁ አውጡት።